ፊቱን ያየ ሰው

አንድ ሐውልት ቀራጭ ነበር። ዘርጋው ይሉታል። በዕድሜው ዐሥራ አንድ ሐውልት ሠርቶ በየከተማው አደባባይ አቁሟል። ዳኛውን፣ ሐኪሙን፣ የጦር አለቃውን፣ መምህሩን ያየ ሁሉ «ቁርጥ እሱን!» ይላል እንጂ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብሎ የጠየቀ የለም። ዘርጋው በሌላው ነገር ትሑት ሰው ነው፤ ምግብ አይመርጥም፣ ልብስ አያበዛም፣ ከሰው አይጣላም። በዚህ በአንዱ ነገር ግን ኩራቱ ጣሪያ ይነካል። «የማላውቀውን ፊት ቀርጬ አላውቅም» ይላል፤ ማንም ሳይጠይቀውም ይላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሟቹን ያውቁ የነበሩ ሰዎችን አንድ በአንድ ያስጠራና ከሥራ ቤቱ መሐል ባለችው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ፊት ለፊታቸው እርጥብ የሸክላ አፈር ይከምርና «በሉ ንገሩኝ» ይላል። እነሱ ሲናገሩ ጣቶቹ ይከተላሉ። «አፍንጫው ትንሽ ቀና ይበል»፣ «ግንባሩን ሰፋ አድርገው»፣ «አይ፣ ከንፈሩ እንዲህ አልነበረም»። እንዲህ እንዲህ ሲባል ቆይቶ፣ በርጩማዋ ላይ ያለው ሰው በድንገት ዝም ካለ ወይም ዕንባው ከመጣ ዘርጋው እጁን ያነሳል። ፊቱ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የቀረው ድንጋዩን መጥረብ ነው። በዚያች በርጩማ ላይ ያልተቀመጠ የአገር ሽማግሌ፣ ያልተቀመጠ ነጋዴ አልነበረም።

ድንጋዩ የሚመጣው ከወንዙ ማዶ ካለው የድንጋይ ካባ ነው። የሚያመጣለትም ባለ በሬ የሆነ አንድ ሰው ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ድንጋዩን በግንድ ላይ አስሮ፣ በጥማድ በሬዎቹ እያስጎተተ አምጥቶለታል። ዘርጋው ድንጋዩ ሲመጣ ሌላ ነገር አይታየውም። ያገላብጠዋል፣ በመዶሻ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፣ ስንጥቅ እንዳለው በጥፍሩ ይፈልጋል። በክረምት ድንጋዩ ሁለትና ሦስት ቀን ከዘገየ «ምን ነካህ?» ይላል። ሰውየው «ወንዙ ሞልቶ ነው ጋሼ» ይላል። «እዚያ ጋ አውርደው» ይላል ዘርጋው። ሰውየውም አውርዶ ይሄዳል።

ወንዙ ዛሬ ድልድይ አለው። ድልድዩ ሳይሠራ በፊት ግን አርባ ዓመት ሙሉ ሰውን ከወዲህ ወዲያ፣ ከወዲያ ወዲህ የሚያሻግረው ጥላዬ የሚባል ሰው ነበር። ጀልባ የለው፣ ገመድ የለው፤ በጀርባው አዝሎ ነው የሚያሻግረው። ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ሚስትም ልጅም አልነበረውም፤ ማዶ ባለች ጎጆ ብቻውን ይኖር ነበር። መንገደኛ ወንዙ ዳር ሲደርስ ጥላዬ ጀርባውን ይሰጥና ጎንበስ ይላል። ያዝላል፣ ያሻግራል፣ ያወርዳል። ሙሽራ አሻግሯል፣ በሽተኛ አሻግሯል፣ ምጥ የያዛት ሴት አሻግሯል። ድልድዩ ሊሠራ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በአንድ ክረምት፣ አንድ ሽማግሌ አድርሶ ሌላ ሰው ሊያመጣ ሲመለስ ውሃው ወሰደው። ሬሳው እንኳ አልተገኘም።

ድልድዩ ተሠርቶ ሲያልቅ የከተማዋ ሰዎች «ጥላዬን ሳናቆም አንሻገርበትም» ብለው ተማማሉ። የአገሩ ገዢም እሺ አለ፤ ሐውልቱ ድልድዩ በሚመረቅበት ዕለት ከመግቢያው ላይ እንዲቆም ቀን ቆረጠ። ሥራው ለዘርጋው ተሰጠ።

ዘርጋው ያን ጊዜ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። የቀኝ እጁ አንጓ ብርድ በነካው ቁጥር ማበጥ ጀምሯል። ከዚህ በኋላ ሌላ ትልቅ ድንጋይ እንደማይጀምር ያውቃል። «ይሄ የመጨረሻዬ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠውም ይሄ ነው» አለና በርጩማዋን አቧራዋን አራግፎ ሰዎቹን ማስጠራት ጀመረ።

የመጀመሪያው ሽማግሌ «ጠይም ነው፣ ፊቱ ክብ» አሉ። ሁለተኛው «ኧረ ቀይ ነው፣ ፊቱ ሞላላ» አሉ። አንዷ ጢም ነበረው አለች፤ እህቷ ጢም የሚባል ነገር አልዞረበትም አለች። አንድ ነጋዴ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ካሰበ በኋላ አንድ በአንድ ተናገረ፤ ዘርጋው ሲጨርስ ቢያየው ከጭቃው የወጣው የራሱ የነጋዴው ፊት ነው። አርባ ሦስት ሰው በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። አንድም ሰው ዝም አላለም፤ አንድም ሰው አላለቀሰም። ዘርጋው አርባ ሦስት ጊዜ ሠርቶ አርባ ሦስት ጊዜ አፈረሰ።

በሦስተኛው ሳምንት ባለ በሬው ትልቁን ድንጋይ ይዞ መጣ። በሬዎቹን አቁሞ በሥራ ቤቱ በር በኩል የጭቃውን ራስ አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጥላዬ ነው?»

«አዎ» አለ ዘርጋው፤ ዓይኑ ድንጋዩ ላይ ነው።

«ጥላዬማ ጋሼ…»

«ስንጥቅ የለውም። ጎሽ! እዚያ ጋ አውርደው።»

ሰውየው አወረደና በሬዎቹን ነድቶ ሄደ።

ዘርጋው የዚያን ዕለት ብቻውን ቁጭ ብሎ ራሱን ጠየቀ። ለማንም ያልነገረው ነገር ነበረው። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሙያ ሊማር ከዚች ከተማ ሲወጣ፣ መሮዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ከጭንቅላቱ በላይ ይዞ፣ ያሻገረው ጥላዬ ነው። ውሃው ጥላዬን እስከ ደረቱ ውጦት ነበር። ማዶ ሲያወርደው «ይቅናህ» አለው። ዘርጋው «አሜን» አለና ወደፊት ሄደ። ከዚያም በኋላ ሲመላለስ ስድስት ሰባት ጊዜ በዚያ ጀርባ ላይ ታዝሏል። ድምፁን ያስታውሳል፤ የላቡን ሽታ ሳይቀር ያስታውሳል። ፊቱን ግን ቢያስበው ቢያስበው አልመጣለትም። ሙያው ፊት የሆነ ሰው አዝሎ ያሻገረውን ሰው ፊት አላየም። ዘርጋው በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

በማግሥቱ የመጨረሻዋ ምስክር መጡ፤ እማማ አሰገደች ይባላሉ። ምጥ ይዟቸው ወንዙን የተሻገሩት ሴት እሳቸው ናቸው። በርጩማዋ ላይ ተቀመጡና ገና ሳይጠየቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልዋሽህም ልጄ፤ ፊቱን አላውቀውም። ጀርባውን ከሆነ ግን ጠይቀኝ።»

«ጀርባውን?»

«ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ይላል፤ በቀኝ እጁ ነው በትሩን የሚይዘው። ከማጅራቱ ሥር እንቁላል የምታህል እብጠት አለች፤ አገጬን እዚያች ላይ አሳርፌ ነው የጮህሁት። የግራ ጆሮው ጫፍ ቆረጥ ያለች ናት። ውሃው ሲበረታበት አንገቱን ወደ ግራ ያዘነብላል።»

ዘርጋው ብድግ አለ። አርባ ሦስቱንም መልሶ አስጠራ። አሁን «ፊቱ ምን ይመስላል?» አላለም። «ሲያዝላችሁ የት ላይ ያዛችሁት? ምን ነካችሁ?» አለ። አርባ ሦስቱም የገለጹት አንድ ሰው ነው። ትከሻው ያው፣ እብጠቷ ያው፣ ጆሮው ያው። ያ ነጋዴ እብጠቷ ላይ ሲደርስ ምላሱ ተሳሰረና ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

ዘርጋው መዶሻውን አነሳ። ጥላዬን ጎንበስ ብሎ፣ ጀርባውን ለከተማው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ቀረጸው። ጀርባውን ጅማት በጅማት ሠራው። ፊቱ ያለበትን ድንጋይ ግን ካባ ውስጥ እንደተፈለጠ ተወው፤ መሮ አላስነካውም።

ወሬው ገዢው ጆሮ ደረሰ። ገዢው ወደ ሥራ ቤቱ መጣና ሐውልቱን ዞረው፤ አንድ ጊዜ ዞረው፣ ደግሞ ዞረው።

«ፊቱስ?» አለ።

«ክቡር ሆይ፣ ያየው ሰው አላገኘሁም።»

«በዚህ ተጨንቀህ ነው? አባቴን ታውቃቸዋለህ። ግርማ ያለው ፊት ነበራቸው። እሱን አድርግለት።»

«የጥላዬ ፊት አይደለማ።»

«ማንም ካላስታወሰው ማን ይታዘብሃል?»

«እኔው ራሴን እታዘባለሁ» አለ ዘርጋው።

ገዢው ቆሽቱ አረረ። ሌላ ቀራጭ እንደማያጣ፣ ይህን ድንጋይ ዛሬውኑ ነጥቆ ለሌላ መስጠት እንደሚችል ተናገረ። ዘርጋው መዶሻውን አላስቀመጠም።

«ድንጋዩ የእርስዎ ነው፤ መውሰድ ይችላሉ። እጄ ግን የኔ ናት፤ አትዋሽም።»

ገዢው ቀዝቃዛ ሳቅ ሳቀ። «እንግዲያው ሕዝቡ ይፍረድ። ሸራው ሲገለጥ ሕዝቡ ከሳቀብህ ሐውልቱ በዚያው ይወርዳል፤ ሌላ ቀራጭ የአባቴን ፊት አድርጎ ይሠራዋል። ዘርጋው የሚባል ቀራጭም በዚህ አገር ከእንግዲህ አደባባይ አይነካም።» ይህን ብሎ ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሐሞቱ ይፈስ ነበር። ዘርጋው ግን ወገቡን ጠበቅ አድርጎ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። አንጓው አብጦ መሮ መያዝ ሲያቅተው መሮውን ከመዳፉ ጋር በጨርቅ አሰረው። ጎረቤቶቹ «ኧረ ተው፣ የሆነ ፊት አስመስለህ ተገላገል» አሉት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዐሥራ አንዱ ሐውልት የሰጠው ክብር ሁሉ በዚህ በአንዱ ሊሄድ እንደሚችል ያውቃል። ቢሆንም ሌላ ውሸት ደርቦ ያን ሰው ሁለተኛ ሊበድለው አልፈለገም።

ቀኑ ደረሰ። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሐውልቱን ከሥራ ቤቱ እስከ ድልድዩ የጎተቱት እነዚያው ጥማድ በሬዎች ናቸው። ገዢው አጠገቡ ሌላውን ቀራጭ አስቀምጧል። ሸራው ተገለጠ።

ከፊት የቆመ አንድ ጎረምሳ «ጀርባ ነው እንዴ የሠራው?» ብሎ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሁለት ሦስቱ ተከተሉት። ገዢው ወደ ዘርጋው ዞሮ ፈገግ አለ። ዘርጋው አንገቱን አልደፋም።

ያን ጊዜ እማማ አሰገደች ሕዝቡን በከዘራቸው እየከፈሉ ወጡ። የሐውልቱ መቆሚያ ዝቅ ያለ ነው፤ ዘርጋው አስቦበት ነው። ወጡበትና ሁለት እጃቸውን በድንጋዩ ትከሻ ላይ አሳልፈው፣ አገጫቸውን ከማጅራቱ ሥር ካለችው እብጠት ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እሱ ነው» አሉ። «እሱ ራሱ ነው። ልጄን ያስገኘልኝ ይሄ ጀርባ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ከእሳቸው ቀጥሎ ነጋዴው መጣ። ከነጋዴው ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ ተሰለፉ። ትከሻውን ያልዳሰሰ፣ ያላለቀሰ አልቀረም። ገዢውም ከመቀመጫው ተነሳና ቆመ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጅ ሆኖ በእናቱ እቅፍ ውስጥ፣ እናቱ ደግሞ በዚያ ጀርባ ላይ ሆነው ተሻግሯል።

ከዚያ ሰዉ ወደ ፊት በኩል ዞረ። እዚያ የሚጠብቀው ያልተነካ ድንጋይ ነው። አንድ ሽማግሌ «ዘርጋው፣ ይሄን ምነው ጨክነህ ተውከው?» አሉ።

«ስላላየሁት ነው» አለ ዘርጋው። ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ ተናገረ። «ስድስት ሰባት ጊዜ አዝሎኛል። ከጀርባው ወርጄ አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁትም። እናንተንም ጠየቅኋችሁ፤ እናንተም አላያችሁትም። ይሄ ሻካራ ድንጋይ የኛ ነው፤ የሱ አይደለም። ከመሐላችሁ ፊቱን ያየ አንድ ሰው ካለ ይምጣ፤ አሁን እጄን አጥፌ አልቀመጥም፤ እሠራዋለሁ።»

የሕዝቡ ዓይን መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለ አንድ ድምፅ።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ከበሬዎቹ አጠገብ፣ ገመዱን ትከሻው ላይ እንደጣለ የቆመው ባለ በሬው ነው።

ዘርጋው እየተደናቀፈ ወደ እሱ ሄደ። «አንተ? ከየት ታውቀዋለህ?»

«ካባው ማዶ አይደል ጋሼ? ክረምት ወንዙ ሲሞላ በሬዎቼ መሻገር አይችሉም። እስኪጎድል ሁለትም ሦስትም ቀን ጥላዬ ጎጆ አድር ነበር። ቆሎ እየቆረጠምን እናወራ ነበር። ፊት ለፊት ነው የምንቀመጠው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ሳትነግረኝ?»

ባለ በሬው ገመዱን ከትከሻው ወደ ትከሻው አዛወረ። «አልጠየቁኝማ ጋሼ» አለ። «በርጩማዋ ላይ የሚቀመጡትን ነው የሚጠይቁት። እኔ ድንጋዩን አውርጄ እሄዳለሁ።»

ዘርጋው ዐሥራ ስምንት ዓመት ከደጁ የተመላለሰውን ሰው ያን ጊዜ ገና አየው። ፀሐይ ያከሰለው ሰፊ ግንባር፣ የተረጋጉ ትልልቅ ዓይኖች፣ አገጩ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት ፊት ነበር። እንዲህ ያለ ፊት አጠገቡ ሲኖር ዓይኑ የነበረው ድንጋዩ ላይ ነው።

«ስምህ ማነው?» አለው።

«ላቀው እባላለሁ።»

«ላቀው፣ ይቅር በለኝ» አለ ዘርጋው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት። ከዚያ ሰው ልኮ በርጩማዋን አስመጣና ከሐውልቱ ፊት ለፊት አስቀመጣት። ላቀው «ኧረ ግድ የለም፣ ቆሜ እናገራለሁ» ቢል አልሰማውም፤ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው።

«ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ ነው» አለ ላቀው። «ዓይኑን ጠበብ ያደርጋል፤ ውሃው ላይ የሚያበራው ፀሐይ አስለምዶት ነው። ጉንጩ የሞላ አይደለም። የፊት ጥርሱ ወልቆ ስለነበረ ሲስቅ ከንፈሩን ገጠም ያደርጋል።»

ዘርጋው መሮውን ከእጁ ጋር አስሮ ይሰማል። «ሌላስ?»

ላቀው ትንሽ አሰበ። «ሌላማ ጋሼ… ሰውን አውርዶ ወዲያው አይመለስም። ትንሽ ይቆማል። ያሻገረው ሰው ዞር ካለ እጁን ሊያነሳለት ነው። የሚዞር አልነበረም። አንዳንድ ቀን ግን ‹ዛሬ አንድ ሰው ዞረ› ይለኝ ነበር። ያን ቀን ደስ ብሎት ይውላል።»

ይህን ሲል ላቀው ዝም አለ። ዕንባው ወረደ። ዘርጋውም ፊቱ እንደተገኘ አወቀ።

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ላቀው በርጩማዋ ላይ ሆኖ «ዝቅ ይበል ጋሼ»፣ «አሁን ልክ መጣ» ይላል፤ ዘርጋው ያበጠ እጁን እያሸ ይቀርጻል። ድልድዩ ዘጠኝ ቀን ተዘግቶ ቆየ፤ ገዢው ራሱ ነው ያዘገየው። በመጨረሻ ከመቆሚያው ግርጌ ስም ሊጻፍ ሲል ዘርጋው ሁለት ስም አስጻፈ። የቀረጸው ዘርጋው፣ ፊቱን ያየው ላቀው ይላል።

ሐውልቱ እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል። ከከተማው የሚወጣ ሰው የሚያየው ጀርባውን ብቻ ነው። ፊቱን ማየት የሚችለው አልፎት ከሄደ በኋላ ዞር ያለ ሰው ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ድልድዩን የሚሻገር ሁሉ ትንሽ ይሄድና ዞር ብሎ እጁን ያነሳል። ቸኩሎ የሚሮጠው እንኳ ዞር ይላል።

ወዳጄ፣ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ይህን ነው። ሁላችንም ዛሬ ካለንበት ማዶ የደረስነው አንድ ሰው አዝሎን ነው። ያዘሉን ሰዎች ሐውልት አይጠይቁንም፤ በሕይወት ሳሉ ዞር ብለን ፊታቸውን እንድናይላቸው ብቻ ይጠብቃሉ። የምንፈልገውን እውነት የያዘው ሰውም ብዙ ጊዜ በርጩማ ያላቀረብንለት፣ በየቀኑ ከደጃችን ሸክሙን አውርዶ የሚሄደው ነው። ዘርጋው በስልሳ ስምንት ዓመቱ አፈረ፤ አፍሮ ግን አልተቀመጠም፤ የቀረውን ጉልበት ሁሉ ጥፋቱን ለማቅናት አዋለው። እኛም ጊዜው አልረፈደብንም።

አንተስ፣ አንቺስ፣ አዝሎ ያሻገራችሁ ማነው? ምናልባት አሁንም ወንዙ ዳር ቆሞ እየጠበቀ ይሆናል። ዞር ብላችሁለታል?